የተፋቀ ቸርኬ፦ ቀለሙ ለምን ሦስት ሳምንት ብቻ ቆየ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። መኪና ሳቆም የፊት ቀኝ ቸርኬዬ ከእግረኛ መንገድ ድንጋይ ጋር ተፋተገ። ጠርዙ አንድ ስንዝር ያህል ተፍቋል፤ ከክንዶቹ አንዱ ላይም ሁለት ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ቸርኬው ብርማ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በጨርቅ ጠረግኩት፣ የተፋቀውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሸት አሸት አደረግኩና ብርማ ስፕሬይ ነፋሁበት። አዲስ መሰለ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ወጣ። አንዱ ጓደኛዬ ‹ስቱኮ ሙላበት› ይላል፣ ሌላው ‹ጣለውና አዲስ ግዛ› ይላል። ድጋሚ ልሞክር? የወንድሜም ቸርኬ ተፍቋል፤ የሱ ግን ፊቱ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ዓይነት ነው። ሥራው አንድ ነው?»
(ስፕሬዩ የከዳው አንባቢ)

መልስ፦ ስፕሬዩ አልከዳዎትም፤ የሚይዘው ነገር አጥቶ ነው የለቀቀው። አሉሚኒየም ተፍቆ አየር እንዳገኘ ወዲያውኑ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያወጣል። ሽፋኑ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ ለተራ ቀለም ግን አያመችም፣ ቀለሙ ላዩ ላይ ተኝቶ ይደርቃል እንጂ አይነክስም። ለዚህ ነው በአሉሚኒየም ላይ ከቀለም በፊት ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥሩ የሚቀባ ሽፋን፣ የሚያስፈልገው። በደብዳቤዎ ውስጥ ፕራይመር የሚል ቃል የለም።

ነጩ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ድንጋዩ ቸርኬውን ሲፍቀው የፋብሪካውን ቀለምና በላዩ ያለውን ክሊር የሚባለውን ቀለም አልባ መከላከያ ሽፋን ሰበረ፤ ውሃና ጨው በስብራቱ ገብተው በቀለሙ ሥር ወደ ጎን ሄዱ። አንዳንዴ በክሊሩ ሥር ትል የሄደበት የሚመስል ነጭ መስመር ይታያል፤ ያም ይኸው ነው። እርስዎ የተፋቀውን ቦታ ብቻ አሽተው ዙሪያውን የላላውን አሮጌ ቀለም ተዉት። አዲሱ ቀለም የተቀመጠው ግማሹ በባዶ አሉሚኒየም ላይ፣ ግማሹ ለመነሳት ቀን በሚጠብቅ አሮጌ ቀለም ላይ ነበር። በጨርቅ የጠረጉትም ቢሆን አቧራውን እንጂ ቅባቱን አላነሳም። ጎማ ለማስጠቆር የሚቀባው ቅባት ሲሊኮን አለበት፤ በጨርቅ ሲጠረግ ይለጠጣል እንጂ አይወጣም።

ስለዚህ ድጋሚ ይሞክሩ፤ አዲስ ቸርኬ መግዛት አያስፈልግም። ይህን የምንለው ግን ቸርኬው ከታች ያለውን ፍተሻ ካለፈ ነው። ፍተሻውን ሳያደርጉ ብርጭቆ ወረቀት አይንኩ።

መጀመሪያ ጎማውን ይዩ። ቸርኬውን የፋቀ ድንጋይ የጎማውን ጎንም ነክቶት ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ቦታ ካለ በውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው፤ አይጠገንም፣ ጎማው ይቀየራል። ክሩ እስኪታይ የተቆረጠ ጎማም እንዲሁ። ለመልክ ስንጨነቅ ይህን ማለፍ ቀላል ነው።

ቀጥሎ ቸርኬው መጣመሙን ይለዩ። መኪናው በክሪክ ተነስቶና በመቆሚያ ተደግፎ ሳለ አንድ ካቻቪቴ ነገር በማይነቃነቅ ዕቃ ላይ ተደግፎ ጫፉ ወደ ቸርኬው ጠርዝ ይጠጋ፤ ሳይነካ። ጎማውን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩ። በካቻቪቴውና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብና ሲሰፋ ካዩ ቸርኬው ተጣሟል። ከዚያ የሳሙና ውሃ በጠርዙ ዙሪያና በክንዶቹ ሥር ያርከፍክፉ፤ አረፋ የሚያወጣ ቦታ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀም ሆነ የተጣመመ ቸርኬ የቤት ሥራ አይደለም። ስንጥቅን በስቱኮ ሸፍኖ መንዳት ከሁሉም የከፋ ስህተት ነው፤ ስንጥቁ ከሥር ይቀጥላል፣ እርስዎ ግን አያዩትም። በእሳት አሙቆ ማቅናት ወይም መበየድም እንደዚያው። አብዛኛው ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ የአሉሚኒየም ቸርኬ 7 በመቶ ያህል ሲሊከን (በጎማ ቅባት ውስጥ ካለው ሲሊኮን የተለየ ነው) እና ትንሽ ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ሲሆን ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። ያለ ልክ ሲሞቅ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም።

አሁን ጥልቀቱን በጥፍር ይለኩ። ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አሻግረው ይሳቡ። ጥፍሩ ሳይዝ ካለፈ ጭረቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ነው፤ በማለስለሻ ኮምፓውንድ ይጠፋል። የጥርስ ሳሙና ይሠራል የሚባለው ለዚህኛው ብቻ ነው፤ ከዚህ አልፎ የሠራበትን ጭረት አላየንም። ጥፍሩን ከያዘው ግን መፈተግ አለ። ከ1 ሚሊሜትር ያልጠለቀው ያለ ስቱኮ ይስተካከላል። ከዚያ የጠለቀው፣ የእርስዎ የክንዱ ጉድጓዶች እንደሚመስሉት፣ ስቱኮ ይፈልጋል።

ጓደኛዎ «ስቱኮ ሙላበት» ያለው ለክንዱ ልክ ነው፤ ለጠርዙ ግን አንስማማም። ስቱኮ ቀለም ይሸከማል እንጂ ብረት አይደለም። በጠርዙ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ጎማ ሲፈታና ሲገጠም፣ ወይም ድንጋይ ዳግም ሲነካው፣ ከነቀለሙ ተፈንቅሎ ይወጣል። ለጠርዙ የሚሻለው የተጎረበጠውን ብረት በሞረድ አስተካክሎ ቁልቁለቱን ከዙሪያው ጋር ማመሳሰል ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብረት ከውጭው ጠርዝ ቢነሳ ችግር የለውም። ጎማው ከቸርኬው ጋር አየር የሚይዝበትን የውስጥ ጠርዝ ግን አይንኩት፤ ሞረድም፣ ስቱኮም፣ ወፍራም ቀለምም አይገባበትም። አየር የሚያፈሰው በዚያ በኩል ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ጥሩ ለስላሳ ሞረድ፣ ቁጥራቸው 120፣ 180፣ 240፣ 320፣ 400፣ 600 እና 800 የሆኑ የብርጭቆ ወረቀቶች (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል)፣ ወረቀቱ የሚጠቀለልበት ትንሽ እንጨት ወይም ጠንካራ ስፖንጅ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል ወይም የቀለም ቤቶች የሚሸጡት ቅባት ማጽጃ፣ ብናኝ የማይተው ንጹሕ ጨርቅ፣ የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ባለ ሁለት ክፍል ስቱኮ፣ ፕራይመር፣ ብርማ የቸርኬ ቀለም፣ ክሊር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ጓንት፣ መነጽርና የአቧራ ጭንብል። አንድ ጥቅል የድሮ መጫወቻ ካርታም ያስፈልግዎታል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ቸርኬውን ከመኪናው ላይ አውልቁ። ብዙ ሰው ሳያወልቅ ይሠራል፤ ውጤቱም ይታወቅበታል፣ የታችኛው ጎን አይፈተግም፣ ስፕሬዩም ፍሬኑን ያገኘዋል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ በሰያፍ ያለው ጎማ ሥር ድንጋይ ይግባ። ብሎኖቹን መኪናው ሳይነሳ ግማሽ ዙር ያህል ያላሏቸው። በክሪክ ብቻ ተነስቶ ያለ መኪና ሥር እጅዎን አያስገቡ።

ከዚያ ማጠብ። ሞቅ ባለ ውሃና በመኪና ሳሙና፣ በናይለን ብሩሽ፣ ከፊትም ከጀርባም። የብረት ሽቦ ብሩሽ አይጠቀሙ፤ ደቃቅ የብረት ቁራጮች በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክተው ይቀራሉ፤ ራሳቸው ይዝጋሉ፣ አሉሚኒየሙንም ያዘግቱታል። አሲድ ያለበት የቸርኬ ማጽጃም ይቅር፤ ባዶውን አሉሚኒየም ይበላዋል። ሲደርቅ በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ወዲያው፣ አልኮሉ ሳይተን፣ በሁለተኛ ደረቅ ጨርቅ ያንሱት። ሁለተኛው ጨርቅ ከሌለ የሟሟው ቅባት እዚያው ተመልሶ ይተኛል። ይህን ከመፈተግዎ በፊት ያድርጉ፤ ቅባት ያለበትን ሲፈትጉ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ እያስገቡት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ስፕሬዩን መንፋቱ ብቻ፣ እስኪደርቅ የሚጠበቀው ጊዜ ሳይቆጠር፣ ሩብ ሰዓት አይወስድም፤ መፈተጉ ግማሽ ቀን ይበላል። ይህ ሲገለበጥ ነው ቀለም የሚላጠው።

በሞረድ ይጀምሩ። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ የሞረዱን ጥርስ ይሞላዋል፤ የሞላው ቁራጭ ደግሞ ተመልሶ አዲስ ጭረት ያወጣል። ሞረዱን አስቀድመው ጠመኔ ይቀቡት፤ ጠመኔው ጥርሱ መካከል ገብቶ አሉሚኒየሙ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። በየደቂቃው አራግፈው ድጋሚ ይቀቡ። ሞረዱ የቸርኬውን ክብ ተከትሎ ይሂድ፤ አቋርጠው ከገፉት ጠርዙ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ይወጣል፣ ያም ከቀለም በኋላ ብርሃን ሲያርፍበት ይታያል። ሹል ሹሉ ብቻ ይውረድ፤ ጭረቱን እስከ ሥሩ ለማጥፋት አይድከሙ።

ከሞረዱ በኋላ ቁጥር 120። የነፉበትን ቀለም ሙሉ በሙሉ ያንሱ፤ ነጩ ዱቄት የነበረበትን ቦታም ንጹሕ ብረት እስኪያበራ ይፈትጉ። ዝገቱ በቀለሙ ሥር ወደ ጎን እንደሄደ አይርሱ፤ ከሚታየው 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አልፈው ይክፈቱ። ደህና የሚመስለውን አሮጌ ቀለም በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ካርድ ጫፍ ገፋ ያድርጉት፤ ከተነሳ ገና አልጨረሱም። እየገፉ ሄደው የቸርኬው ግማሽ ፊት ከተነሳ ግን ያቁሙና ቸርኬውን ጠቅላላ ቀለሙን አስለቅቀው በዱቄት ቀለም ለሚያስጋግር ባለሙያ ይስጡት፤ በቁራጭ ጥገና የሚሸነፍ ዝገት አይደለም።

ከዚያ ድንበሩን ማጥፋት ይመጣል። በአሮጌው ቀለምና በባዶው ብረት መካከል ደረጃ አለ። በዓይን ባይታይም አዲሱ ቀለም ያጎላዋል። በ180፣ ቀጥሎ በ240፣ ቀጥሎ በ320 ከመሃል ወደ ውጭ ይፈትጉ። በትክክል ሲሄድ በብረቱ ዙሪያ ቀለበቶች ይወጣሉ፦ መጀመሪያ ፕራይመሩ፣ ቀጥሎ ብርማው ቀለም፣ ከውጭ ክሊሩ። ቀለበቶቹ በጠበቡ ቁጥር ደረጃው ቁልቁል ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ ግማሽ ሴንቲሜትር ሲሰፋ ደረጃው ተኝቷል። ማረጋገጫው ጣት ነው፤ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት በእጅዎ ላይ አድርገው ዓይንዎን ጨፍነው ይዳብሱት። ጣት በፕላስቲክ ላይ ሲንሸራተት ባዶ ጣትን የሚያመልጠውን ጉብታ ያገኛል።

ቁጥር ሲቀይሩ አቅጣጫም ይቀይሩ። 120ውን በአግድም ከፈተጉ 180ውን በሰያፍ ያድርጉት፤ የፊተኛው ጭረት ጠፍቶ የአዲሱ ብቻ ሲቀር ነው ወደ ቀጣዩ የሚታለፈው። ከ120 ወደ 400 የዘለለ ሰው የ120ውን ጭረት በ400 አብረቅርቆ አስቀርቶታል፤ ቀለሙ ሲደርቅ እየተኮማተረ ወደ ጭረቶቹ ሲሰምጥ ሁሉም ይወጣሉ። ሌላው ወገን ደግሞ እስከ 1500 ወይም 2000 ፈትጎ መስተዋት ያስመስለዋል። ይህም ስህተት ነው፤ ፕራይመር የሚይዘው ጭረት ይፈልጋል። ባዶው ብረት ከ320 ወይም ከ400 በላይ አይለስልስ።

ስቱኮውን ለክንዱ ጉድጓዶች ብቻ፣ በ120 ወይም በ180 በተሻካከረ ባዶ ብረት ላይ ይሙሉ። ፕራይመር ከሥሩ አይግባ፤ በተለይ አሲድ ያለው ፕራይመር ከሥሩ ካለ ስቱኮው በትክክል አይደርቅም። የፖሊስተር ስቱኮ አብዛኛውን ጊዜ 2 በመቶ ያህል ማድረቂያ ይፈልጋል፤ 50 ግራም ስቱኮ ቢያወጡ 1 ግራም ማለት ነው፤ ለሁለት ጉድጓድ ግን የለውዝ ፍሬ የሚያህል ስቱኮ ይበቃል፤ ማድረቂያው ነጥብ ያህል ይሁን። ቶሎ ይድረቅልኝ ብለው ማድረቂያ ሲያበዙ ስቱኮው ይሰባበራል፣ በላዩም የመርፌ ቀዳዳ የመሳሰሉ ቀዳዳዎች ይወጡበታል። ሲያሳንሱት ደግሞ ከሥሩ ላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ አንድ ወጥ እስኪሆን በፕላስቲክ ስፓቱላ ያዋህዱት፤ ሳያገላብጡ፣ እየተጫኑ፣ አየር እንዳይገባበት። ከተዋሃደ በኋላ የሚሠሩበት ጊዜ 5 ደቂቃ ገደማ ነው። መጀመሪያ ስስ አድርገው ወደ ጉድጓዱ ግድግዳ ይጫኑት፣ ከዚያ ከፊቱ ጥቂት ከፍ አድርገው ይሙሉ። ኤፖክሲ ስቱኮ ከመረጡ መጠኑ ብዙ ጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው፤ አደራረቁ ይዘገያል፣ ያዥነቱ ግን ይበልጣል።

ሲደርቅ፣ በሞቃት ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በደረቁ ይፈትጉት፤ ፖሊስተር ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፣ የመጠጠውንም ውሃ በኋላ በቀለሙ ሥር አረፋ አድርጎ ይመልሰዋል። ከመፈተግዎ በፊት ላዩን በእርሳስ ይሞነጫጭሩት። ወረቀቱ በእንጨት ተጠቅልሎ ሲሄድ የእርሳሱ መስመር የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። በጣት ብቻ የፈተገ ሰው ስቱኮውን ከዙሪያው አስቀድሞ ይቆፍረዋል።

ስለ አቧራው፦ የአሉሚኒየም ብናኝ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም፣ ጭንብል ይልበሱ። ደቃቁ ብናኝ በእሳትም ይያያዛል፤ ብልጭታ የሚያወጣ መፍጫ በአጠገቡ አይሠራ፣ ሲጋራም አይጨስ።

አሁን ካርታው። የቸርኬው ጠርዝና ጎማው የሚገናኙበትን ቦታ በፕላስተር በትክክል መሸፈን አስቸጋሪ ነው፤ ፕላስተሩ ወይ ቸርኬው ላይ ይወጣል ወይ ከጎማው ይላቀቃል። ቫልቩን ከፍተው አየሩን ያስወጡ፣ ጎማውን በእጅ ተጫን ሲያደርጉት ትንሽ ይሸሻል። በዚያ ክፍተት ካርታዎቹን አንዱን በሌላው ላይ ሲሶ ያህል እያደረቡ ዙሪያውን ሙሉ ይሰኩ። ጎማው ይሸፈናል፣ የቸርኬው ጠርዝ ደግሞ እስከ ጫፉ ክፍት ይሆናል። መፈተጉም በዚህ ሁኔታ ይቀላል፤ በጠርዙና በጎማው መካከል የቀረ ያልተፈተገ መስመር ሁልጊዜ መላጥ የሚጀምርበት ቦታ ነው። የቀሩትን ክፍተቶች፣ ቫልቩን፣ በተለይም የብሎን ቀዳዳዎቹንና ከመኪናው ጋር የሚገጥመውን የጀርባ ፊት በፕላስተር ይሸፍኑ። ብሎኑ በሚቀመጥበት ሾጣጣ ቦታ ላይ ቀለም ካለ ቀለሙ በጫናና በሙቀት ይፈጫል፣ ብሎኑ ይላላል። ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ ጎማ ይወልቃል።

ያልተነካውንም የቸርኬ ፊት በ800 እያረጠቡ ድምቀቱ እስኪጠፋ ይፈትጉ፤ ክሊሩ በጠቅላላው ፊት ላይ ስለሚሄድ የሚነክሰው ነገር ይፈልጋል። ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ በሁለት ጨርቅ በአልኮል ያጽዱ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይንኩት።

ፕራይመሩ በዚያው ሰዓት ይግባ፣ ነገ አይባልም፤ የፈተጉት አሉሚኒየም እንደገና ኦክሳይድ እያወጣ ነው። ስቱኮ ያልገባበት ከሆነ አሲድ ያለበት፣ ኤች ፕራይመር የሚባለው፣ አንድ ወይም ሁለት ስስ ሽፋን፤ ብረቱ በውስጡ ትንሽ ቢታይ ችግር የለም፣ ወፍራም ሲሆን ነው የሚበላሸው። ስቱኮ ስላለብዎት ግን ለእርስዎ የሚስማማው ኤፖክሲ ፕራይመር ነው፤ ብረቱንም ስቱኮውንም ይይዛል። ሁለት ሽፋን፣ በመካከል በጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቀው። ሲደርቅ በ600 በጣም በስሱ ያለስልሱት። ጥግ ላይ ብረት ከወጣ እዚያው ላይ ድጋሚ ፕራይመር ይንፉ፤ «ትንሽ ነው» ብሎ የታለፈ ቦታ ነው ቀድሞ የሚነሳው።

ቀለሙ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የቸርኬ ቀለም ቁጥር ከመኪናው አካል ቀለም ቁጥር የተለየ መሆኑን ይወቁ፤ ለመኪናው የተበጠበጠ ብርማ ለቸርኬው ላይመሳሰል ይችላል፤ በካርቶን ላይ ሞክረው ከቸርኬው አጠገብ በፀሐይ ያስተያዩት። የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይሁን፣ ነፋስና አቧራ አይኑር። ጣሳውን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይናጡ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀው፣ ከቸርኬው ውጭ ጀምረው ውጭ እየጨረሱ፣ እያንዳንዱ መስመር የፊተኛውን ግማሽ እየሸፈነ ይንፉ። የመጀመሪያው ሽፋን ብናኝ ያህል ብቻ፤ ጠቅላላ ሦስት ወይም አራት፣ በየመካከሉ 10 ደቂቃ። ብርማ ቀለም ውስጥ ያሉት ደቃቅ የብረት ቅንጣቶች በወፍራም እርጥብ ሽፋን ውስጥ ይዋኙና ተሰብስበው ጥቁር ደመና ያወጣሉ፤ ለዚህ ነው የመጨረሻውን ሽፋን ከ30 ሴንቲሜትር ርቀው በስሱ የሚነፉት። ቀለሙን በተፋቀው ቦታ ድንበር ላይ አያቁሙ። ክንዱ ከተነካ ክንዱን በሙሉ፣ ጠርዙ ከተነካ ጠርዙን እስከሚቀጥሉት ክንዶች። ዓይን ድንበርን የሚፈልገው በሜዳ መካከል ነው፤ ማዕዘን ላይ ካለ አያየውም።

ክሊሩ በፊቱ በሙሉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሽፋን። ሁለት ዓይነት አለ፤ በአንድ ጣሳ ብቻ የሚመጣውና ማድረቂያ የሚጨመርበት። ማድረቂያ ያለው የፍሬን ብናኝንና ነዳጅን የበለጠ ይቋቋማል፤ ግን አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፣ ተራ የአቧራ ጭንብል አያስቆመውም፣ አስምም ያስከትላል። በትክክለኛው መተንፈሻ ዕቃና አየር ማስወጫ ካልሆነ ቤት ውስጥ አይንፉት። ባለ አንድ ጣሳው ዕድሜው ያጥራል፣ ግን ለአንድ ስንዝር ጥገና በቂ ነው።

የሚበላሸው ምን ሲሆን ነው? ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ከሸሸ ሲሊኮን ነው፤ በላዩ እየደጋገሙ አይንፉ፣ ይድረቅ፣ ይፈተግ፣ እንደገና በቅባት ማጽጃ ይጽዳ። ከተንጠባጠበ ቀርበው ወይም እጅዎን በጣም በዝግታ እያንቀሳቀሱ ነፍተዋል፤ እርጥቡን በጣት አይንኩ፣ በማግስቱ በ800 ያስተካክሉት። ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ ርቀው ነፍተዋል ወይም ጣሳው ቀዝቅዟል፤ ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆም ይረዳል፣ እሳት አጠገብ ግን ፈጽሞ። ከተሸበሸበ ከሥሩ ያለው ሽፋን በሚገባ ሳይደርቅ የላይኛው ሟሟበት ማለት ነው፤ ይህኛው መፋቅ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ካርታዎቹንና ፕላስተሩን ክሊሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ያንሱ፤ በደረቀ ክሊር ላይ የሚነሳ ፕላስተር ጠርዙን ይዞት ይወጣል። ከ24 ሰዓት በፊት ቸርኬውን አይግጠሙ፤ ለአንድ ሳምንትም በሳሙናም በማጽጃም አይጠቡት። ሲገጥሙ ጎማውን በመኪናው በር ላይ በተጻፈው ልክ ይንፉ፣ ብሎኖቹን በእጅ አስጀምረው በኮከብ ቅደም ተከተል፣ አንዱን ዘልለው ተቃራኒውን፣ ያጥብቁ። የብዙ የቤት መኪኖች ጥብቀት ከ90 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ውስጥ ይውላል፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናዎ መመሪያ ውስጥ አለ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዱ በኋላ ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ድጋሚ ይፈትሹ። እንደዚህ ያለ ትንሽ ስቱኮ ባላንሱን አይለውጠውም፤ ሲፈትጉ ከውስጥ የተለጠፈ የባላንስ ክብደት ካነሱ ግን ባላንስ ማሠራት ግድ ነው።

የወንድምዎ ቸርኬ ሌላ ሥራ ነው። ፊቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ይዩት፤ እንደ ድሮ የሙዚቃ ሸክላ ደቃቅ ክብ መስመሮች ካሉት ባዶ አሉሚኒየም በቶርኖ ተላጭቶ ክሊር ብቻ የተቀባ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የነካው ቦታ መስመሮቹን ያጠፋል፣ በእጅም አይመለሱም፤ ብርማ ቀለምም አይመስለውም። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ቶርኖ ላለው ባለሙያ ይወሰዳል፤ በየጊዜው ብረት ስለሚላጭ ይህ የሚደገመው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ እንግዲያው አስቀድሞ ስንት ጊዜ እንደተላጨ ይጠይቅ። መስመሮቹ ከሌሉና የክሮም ልባስ ከሆነ ግን ይህም አይሆንም፤ ልባሱ ተነስቶ በአዲስ ይለበጣል ወይም ቸርኬው ይቀየራል። ባለ መስመሩ ከሆነ እስከዚያው ድረስ የተፋቀውን ቦታ በአልኮል አጽድቶ በትንሽ ብሩሽ ጫፍ ክሊር ያስነካው። አይታይም ማለት አይደለም፤ ነጩ ዱቄት ግን ወደ ጎን አይሄድም፣ ባለሙያውም የሚላጨው ብረት ያንስለታል።